ሦስት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጥራዝ

ይድረስ በመጻሕፍት ክምር መካከል ለሚኖሩት፣ ለተከበሩት ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይም ያ ከንባብ ብዛት ታመመ የተባለው ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፣ እማዬ ደህና ናት፣ የመጽሐፍ መጠረዣ ቤታችን ደህና ነው፣ የሙጫው ሽታ እንኳ ከነሙሉ ጤንነቱ አለ። እኔም ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ውሸት በመጀመሪያው ገጽ ላይ አያምርምና፣ ንዴትም ነበረብኝ። እንግዲህ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ሰውን አንቱ እያሉ መቆጣት አይመችም።

የተቆጣሁት አንተን ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩልህ። ሦስት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል፣ ሦስቱም ስማቸው ሲጠራ ሰው ከወንበሩ የሚነሳላቸው ናቸው፣ ሦስቱም ክፍያውን እንችልልሻለን ብለዋል፣ እስከ አርብ መልስ መስጠት አለብኝ፣ የትኛውን ልምረጥ? አልኩህ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በጤና ጥያቄ መለስከው። ሁለተኛውን በአየር ጠባይ። በሦስተኛው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አደረግህ፦ «የፈለግሽውን ምረጪ፣ የእኔን ግቢ ግን አትምረጪ።» በቃ። ምክንያት የለ፣ ማብራሪያ የለ። ስድስት ዓመት ፍልስፍና የተማረ ሰው አንዲት «ምክንያቱም» ትጠፋዋለች? እኔም «አሃ፣ ወንድም ጋሼ ክብሩን ከታናሽ እህቱ ጋር መካፈል አልፈለገም» ብዬ አኮረፍኩ። አሁን ኩርፊያዬን አንስቻለሁ። ለምን እንዳነሳሁ እደርስበታለሁ፤ አንተ ግን ገጽ አትዝለል።

ዩኒቨርሲቲዎቹን እዚህ ቤት በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ኮረብታው ላይ የተሠራው፣ በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሳ ያጋደመው ያንተው፣ «አንጋፋው» ነው። ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ ከእግር እስከ ራሱ በመስታወት የተገነባው «መስታወቱ» ነው። ሦስተኛዋ፣ ወንዝ አጠገብ ያለችው፣ ተማሪዋ ከእኛ ሰፈር ሕዝብ የሚያንሰው ነገር ግን መምህሮቿን ዓለም የሚያውቃቸው «ትንሿ» ናት። ሰፈሩም በጉዳዩ ዝም አላለም። የማዕዘኑ ፋርማሲስት ጠራኝና ምን ልታጠኚ ነው አለኝ። ታሪክ አልኩት። ሕመምተኛ እንደሚያይ አየኝና «ታሪክ እኮ አልፏል፣ የኔ ልጅ» አለኝ። «አልፏል፤ ግን እንደ አንዳንድ ሽሮፕ የአገልግሎት ጊዜው አላለፈበትም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ የሳል መድኃኒት የምንገዛው ሌላ ሰፈር ሄደን ነው።

አባባ ዩኒቨርሲቲን እንዴት እንደሚመዝን ታውቃለህ፤ እንደማንኛውም ነገር በጀርባው፣ ማለትም በጥራዙ ስፌት ነው። ሦስቱም ስለራሳቸው የሚያወሩበትን መጽሔት ልከውልኝ ነበር። መነጽሩን አደረገ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ እንደ ሐኪም አንድ በአንድ አስገባቸው። የመስታወቱን መጽሔት መሀሉ ላይ ከፍቶ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው፣ ቀጭ አለና ለሁለት ተከፈለ። «በሙጫ ብቻ!» አለ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። «አንዲት ክር የለችበትም! ይሄ ትምህርት ቤት አንድ ክረምት አይዘልቅም።» እኔ ደግሞ ለመከላከል ያህል፣ አባባ፣ እዚያ እኮ ቤተ መጻሕፍቱ አስራ አንድ ፎቅ ነው፣ መጽሐፍ የሚያመጣልህ ማሽን ነው አልኩት። መጽሐፎቹስ የት ናቸው? አለኝ። ከምድር በታች አልኩት። «ምን አጥፍተው?» አለ።

የአንጋፋውን ብዙ አገላበጠው። በክር የተሰፋ፣ ጠንካራ ሽፋን፣ የወርቅ ጽሑፍ። «ስፌቱ የጌታ ነው» አለ። ከዚያ በመዳፉ መዘነና «ሽፋኑ ግን ከውስጡ ይከብዳል» ብሎ አስቀመጠው። እማዬ በዚህ ተቀየመች፤ በአንጋፋው ላይ የተነገረ ነገር ሁሉ በልጇ ላይ የተነገረ ነውና። የትንሿ ግን መጽሔት ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ስምንት ወረቀት፣ ሁለት የስቴፕለር ሽቦ፣ አንደኛውም ዝጓል። አባባ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየውና «ይሄ መጽሔት አይደለም፤ ይቅርታ መጠየቂያ ነው» አለ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር። አደጋው የደረሰው ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው።

አባታችን በቤቱ ውስጥ ልቅ ወረቀት ማየት እንደማይችል አልነግርህም። የመብራት ደረሰኝ ጠርዟል፤ የእማዬን የሐኪም ማዘዣ ጠርዟል፤ የእኔን የሁለተኛ ክፍል የውጤት ካርድ፣ ሂሳብ መውደቄ ለትውልድ እንዲተላለፍ ይመስለኛል፣ በቆዳ ጠርዟል። መጠረዝ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ከመጠረዙ በፊት ይከረክማል። የወረቀት ጠርዝ ወጣ ገባ ሆኖ ካየ እህል አይወርድለትም። እናም ሐሙስ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ፣ ሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ ጥራዝ አኑሮ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ እንደ ሙሽራ ቆሞ ጠበቀኝ። ሽፋኑ ላይ በወርቅ ቀለም «የልጄ» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። ከፈትኩት። ሦስቱ የመቀበያ ደብዳቤዎቼ አንድ ላይ ተሰፍተው፣ በሦስቱም በኩል እንደ ምላጭ እኩል ተከርክመው።

አለቀስኩ። አባባ የደስታ መሰለው፤ ግማሹ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን በየደብዳቤው ግርጌ «ይህን የማረጋገጫ ቁጥር ሳይጠቅስ የተላከ መልስ ተቀባይነት የለውም» የሚል መስመር ነበረና እሱ ከነቁጥሩ የት ገባ ብዬ ነው። ቁራጮቹስ? አልኩት። «ሙጫ አፈላሁባቸው» አለኝ። ትልልቆቹ ሁለቱ በትልልቅ ወረቀት ስለሚጽፉ ሁለት ጣት ሙሉ ሄዶባቸዋል። ትንሿ ወረቀት ቆጥባ በአነስተኛው ስለጻፈች፣ መቁረጫው ያገኛት ቁጥሯ ወገብ ላይ ነው፤ ላይኛው ግማሽ ተርፏል፣ ታችኛው ግማሽ ጭስ ሆኗል። «አባባ፣ የቆረጥከው እኮ ቁጥሬን ነው» አልኩት። ጥራዙን አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን ተመለከተና «ግን እኩል ነው» አለኝ።

ስለዚህ ለሦስቱም መደወል ግድ ሆነ። «አባቴ ደብዳቤያችሁን ከረከመው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በጨዋ ድምፅ ለማለት ሞክር እስቲ። ከመስታወቱ ጀመርኩ። ሰው የለም፤ ማሽን ነው። ተማሪ ከሆኑ አንድን፣ ወላጅ ከሆኑ ሁለትን፣ ስጦታ ለመስጠት ከሆነ ሦስትን ይጫኑ አለኝ። አንድን ተጫንኩና ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ጋበዙኝ። ሲሰለቸኝ ሦስትን ተጫንኩ። ገና ጣቴን ሳላነሳ አንዲት ማር የመሰለች ሴት «ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ፣ ምን ሊሰጡን አሰቡ?» አለችኝ። «ራሴን» አልኳት። እውነት ለመናገር ሳቀች፤ እውነት ለመናገር ደግሞ ቀልጣፋ ናት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አዲስ ቁጥር ሰጠችኝ። አባቴ እንዴት እንደከረከመው፣ በቁራጩ ሙጫ እንዳፈላበት ሁሉ ነገርኳት። «ችግር የለም» አለች። ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንዴት ችግር አይኖርበትም? እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቶ «እንዴት?» የማይል ሰው ቤት አራት ዓመት መቀመጥ አስፈራኝ።

ቀጥዬ ወደ አንጋፋው ደወልኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ድምፅ እብነ በረድ ላይ የተቀረጸ ይመስላል። ተከረከመ ማለት? አለችኝ። ተቆረጠ አልኳት። በማን? በአባቴ። «በምን ሥልጣን?» አለች። እውነቴን ነው፣ በምን ሥልጣን አለች! ማመልከቻ ይጻፍ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰነድ ይያያዝ፣ ጉዳት አድራሹ አካል ይፈርምበት አለች። ጉዳት አድራሹ አካል ያን ሰዓት ከኋላዬ ክር በሰም እያሸ ያፏጭ ነበር። በመጨረሻ፣ ለቅጹ ነው፣ በዩኒቨርሲቲያችን የሚማር እህት ወይም ወንድም አለሽ? አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ «አለኝ እንጂ! ፍልስፍና፣ ስድስተኛ ዓመት!» ብዬ ስምህን ከነአያትህ ነገርኳት። መዝገብ ሲገለጥ ሰማሁ። ሌላ መዝገብ ሲገለጥ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ግን መስመሩ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ወይም ጆሮዬ። «የቅጹን ሣጥን ባዶ ተዪው» ያለችው ብቻ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። በአንድ አፍታ ድምፅዋ የሰው ድምፅ ሆኖ ነበር። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። አባባ ማፏጨቱን አቁሞ ነበር። ምን አለች? አለኝ። አመልክቺ አለች አልኩት። መልሶ አላፏጨም።

ሰኞ ወደ ትንሿ ስደውል ያነሳችው ሴት መጀመሪያ ኡሁ ኡሁ ብላ ሳለች፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያ ደግማ ሳለች። ጸሐፊዋ ምሳ ወጥታ ስልኩን የምትጠብቀው የታሪክ መምህርቷ ናት። ጉዳዬን ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትስቃለች። ስቃ ስቃ ስታበቃ ጥያቄ በጥያቄ አጣደፈችኝ፦ ምን ዓይነት መቁረጫ? ክሩ ምንድነው? አባትሽ ከመቁረጡ በፊት አንብቦታል ወይስ ጠርዙን ብቻ ነው ያየው? ጠርዙን ብቻ ነው አልኳት። «እንግዲያው ንጹሕ ሰው ነው» አለችና፣ ከቁጥሩ ምን ተርፏል? አለችኝ። ላይኛው ግማሽ አልኳት። «በይ አንብቢልኝ።»

ስድስት አኃዞች ናቸው። አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ አናታቸው የማያምታታ ነውና ቀላል ነበሩ። ሁለቱ ላያቸው እንደ ጃንጥላ የጎበጠ ነው፤ ሁለትም ሦስትም ይሆናሉ። አንዱ ዝግ ቀለበት ነው፤ ስምንት ይሁን ዘጠኝ ታችኛውን ግማሽ ያየ ያውቃል፣ እሱ ደግሞ ሙጫ አፍልቷል። «ጠፍቷል እኮ» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ከጠፋው ጋር አትሟገቺ፤ የተረፈውን ጠይቂው» አለችኝ። ያኔ ነው ደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለውን ቀን ያስተዋልኩት። በዚያው ማሽን የተጻፈ ነው፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሙሉ ስምንትና ሙሉ ዘጠኝ አሉ። የአባባን ማጉያ መነጽር ነጠቅኩ። የዚያ ማሽን ዘጠኝ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፤ ስምንቱ ጭንቅላተ ትንሽ ነው። «ዘጠኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። በምን አወቅሽ? አለች። ነገርኳት። አይመስለኝም አለች። ነው አልኳት። አይደለም፣ ነው፣ አይደለም፣ ነው፤ ከማላውቃት ታላቅ ሴት ጋር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተሟገትኩ፣ ምሳዬም ቀዘቀዘ፣ ጸሐፊዋም ከምሳ ተመለሰች። በመጨረሻ ስድስቱን አኃዝ ደርድሬ ነገርኳት። «ዘጠኙ ዘጠኝ ነው። አራተኛው ግን ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው» አለችኝ። አንቺ በምን አወቅሽ? አልኳት፤ በንዴት አንቺ ብያት አረፍኩ። «መዝገቡ እኮ ከመጀመሪያው ፊቴ ተዘርግቷል» አለች። ታዲያ ለምን አደከሙኝ? ብዬ ወደ አንቱታዬ ተመለስኩ። «ከስድስት አምስት አገኘሽ። ብዙ የታሪክ መጽሐፍ ከዚህ ባነሰ ነው የተጻፈው» ብላኝ እያሳለች ዘጋችው።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ፊቴ ይነድ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ የሚነግሩን ሁሉ ስለ ስም ነው፦ የትኛው ያስከብራል፣ የትኛው በር ይከፍታል፣ ከየትኛው የወጣ ሰው በየትኛው ወንበር ይቀመጣል። እኔ ግን ያን ግማሽ ሰዓት የማንም ወንበር ትዝ አላለኝም። ምሳዬን እንኳ ረሳሁ፤ ምሳ መርሳቴ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ትመሰክራለህ። በውስጤ ምርጫው እዚያው አልቋል። ውጪው ነበር የቀረው፤ ውጪው ማለት እማዬ ናት።

ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ስልክ በኋላ ጠርዝ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ጠርዝ ጠርዙን ማየት። በመደርደሪያው ላይ ደግሞ በዓመት በዓመት የተጠረዙ ያንተ ደብዳቤዎች አሉ፤ አባባ ማንንም አያስነካቸውም፣ ስለዚህ ነካኋቸው። የመጀመሪያዎቹ አራት ጥራዞች እንደ ቤታችን ደንብ ተከርክመዋል፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ብርሃን ላይ ሲያዙት የአንጋፋው አንበሳ ውስጡ ተኝቶ ይታያል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አልተከረከሙም። በእኛ ቤት፣ በዚያ ሰው እጅ፣ ያልተከረከመ ጥራዝ! ወረቀቱም ሌላ ነው። ሳሳ ያለ፣ ቁልቁል የተሰመረ፣ ራስጌው በመቀስ የተቆረጠ። ከተቆረጠው መስመር ሥር እግራቸው ብቻ የቀሩ ፊደላት አሉ። የተረፈውን ጠይቂው ተብያለሁና ጠየቅኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያነበብኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ የክብደት፣ የጆንያ ብዛትና የተረካቢ ፊርማ ቦታ ያለው ወረቀት ነው ብል ይበቃል፤ የፍልስፍና ክፍል ደግሞ እኔ እስከማውቀው ጆንያ አይመዝንም። ምናልባት ወረቀቱን ከጓደኛ ተበድረህ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ። እኔ ምንም አላልኩም።

ጥራዙን ይዤ ሳለ አባባ ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል። እንደሚቆጣኝ ጠበቅኩ። ወሰደና አቧራውን በክንዱ ጠረገው። ይሄንን ለምን አልከረከምከውም? አልኩት። «በመቀስ ነው የተቆረጠው። መቀሱ ሲሄድ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አየሽ እዚህ ጋ?» አለኝ። አየሁ። «ሰው ጨንቆት የቆረጠውን እኔ ለማሳመር ብዬ ደግሜ አልቆርጥም» አለና መደርደሪያው ላይ መለሰው። ከዚያ ሙጫው እንዳያርበት ብሎ ሄደ። ሙጫው ምድጃው ላይ አልነበረም።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት ሐሙስ። ጉባኤው የተሰየመው በመጠረዣ ቤቱ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ እኔ በተከሳሽ ሣጥን፣ ማለትም በካርቶን ክምሩ ላይ ተቀምጬ ነው። እማዬ ንግግሯን አዘጋጅታ መጥታለች። አንጋፋው ነው፣ ሌላ ወሬ የለም አለች። «ወንድምሽ እዚያ ነው። እኔ አንድ ሴት ነኝ፤ በሁለት አቅጣጫ ልጨነቅ አልችልም። አንድ ከተማ ሁኑልኝና በአንድ በኩል ልጨነቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ታጥቢለታለሽ፣ እሱ ደግሞ ያልገባሽን ያስረዳሻል።» ያልገባኝ ለምን ልብሱን እንደማጥብ ነው አልኳት። ስትስቅ ያዝኳት፤ ግን ወዲያው ጠንከር አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ምን ይላል? ሁለቱንም ልጆቿን ለአንጋፋው ሰጠች እንዲባል ስንት ዓመት ጠበቅኩ አለች። እኔም ስለ ስልኩ፣ ስለ ዘጠኙ፣ ስለ መምህርቷ ሳል ሁሉ ተናገርኩ። «በሳል የሚመረጥ ትምህርት ቤት ዛሬ ሰማሁ» አለች። ደህና አድርጋ ነው የመታችኝ፤ እኔም ይህችን ምላስ ከማን እንደወረስኩ ትዝ አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ አንድ ቃል ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር እኮ ክርክሩን አሸንፋለሁ። አንጋፋው የምትይው ቦታ እንደምታስቢው... ብዬ ጀምሬ አቆምኩ። በሰው ራስ ላይ ቆሞ ረጅም መባል አልፈለግኩም። ዝም ማለቴ እማዬን አስደነገጣት፤ እኔ በክርክር መሀል ዝም ብዬ አላውቅማ።

ያኔ አባባ መርፌውን ሳያቆም «ወደ ትንሿ ትሂድ» አለ። እማዬ ወደ እሱ ዞረች። ልጁ ብቻውን ነው እኮ፣ እህቱ አጠገቡ ብትሆንለት ምናለ? አለችው። «ልጁ ሥራ ይበዛበታል» አለ። «ትምህርት ማለትህ ነው» አለችው። «እሱንም» አለ አባባ።

እማዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱ መርፌውን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ የጣሪያችን ሸረሪት ድር መጠረግ እንዳለበት ያኔ ነው ያወቅኩት። ከዚያ እማዬ ነጠላ ጫማዋን በመውጫ ጫማ ቀየረችና «በሉ እንዳላችሁ» ብላ ወጣች። ያለ አንድ ምርቃት፣ ያለ አንድ እርግማን። አርብ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ የእሺታ መልሴን ለትንሿ ላክሁ፤ አራተኛዋን አኃዝ ሦስት ብዬ፣ ሁለት ጊዜ አሰምሬባት። ለሌሎቹ ሁለቱ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። የአንጋፋውን ሴትዮ በተለይ አመሰገንኳት፤ በምን ሥልጣን እንደሆነ ግን አልገለጽኩም።

አሁን ስማኝ። ትንሿን የመረጥኩት በአንተ ምክንያት ነው ብለህ እንዳታስብ፤ ይህን ያህል አስፈላጊ ሰው አይደለህም። የመረጥኳት እኔን ስለምትመጥነኝ ነው፤ አንጋፋው ከነአንበሶቹ ቢለምነኝም መልሴ ይኸው ነበር። «የእኔን ግቢ አትምረጪ» ያልከኝን ደግሞ አሁን እንደ ምክር ቆጥሬዋለሁ፣ ምክንያቱንም አልጠይቅህም። ኩርፊያዬ የተነሳው እንዲህ ነው።

ዛሬ ጠዋት የባቡር ትኬት ቆርጠናል፤ እኔና አባባ። ሳጥኔን የሚሸከምልኝ እሱ ነው። ወደ ትንሿ የሚሄደው ባቡር ያንተን ከተማ ሳይነካ ማለፍ አይችልም፤ እዚያ አርባ ደቂቃ ይቆማል። የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በጣቢያው ሁለተኛው የመሳፈሪያ መድረክ። ካባ፣ ከረባት፣ መጽሐፍ በብብት፣ ምንም አያስፈልግም፤ በዕለት ልብስህ ና። አባባ ትኬት ሻጩን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ወንዶች ሻይ መጠጣት ይችላሉ ወይ? አለው። እንደ ወሬያቸው ብዛት ነው አለው ሻጩ። «ወሬማ የላቸውም፤ አብረው መቀመጥ ነው» አለ አባባ። እኔ እንግዲህ ያን ጊዜ ሳጥኔን እጠብቃለሁ፤ ሻይዬን ቀዝቃዛም ቢሆን አትርሱኝ።

እማዬ ምንም አታውቅም። ይህን አምነህ ተቀበል፣ እኔም አምኜ ተቀብያለሁ። ሐሙስ ወጥታ ስትመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣችና «ለፈላስፋው ስጪልኝ፤ ሲጽፍ እጁ ይበርደዋል» አለችኝ። ጓንት ነው። ፈትቼ አየሁት። የሱፍ አይደለም፤ መዳፉ ላይ ድርብ ቆዳ የተሰፋበት፣ ዕቃ ጫኞች የሚያደርጉት ዓይነት ነው። ይሄ ብዕር ያስይዛል ወይ? ልላት አስቤ ፊቷን አየሁና ተውኩት። «ሰፋ ያለውን ነው የወሰድኩት፤ እጁ ሳይሰፋ አይቀርም» ብላኝ ሽንኩርት ልትልጥ ገባች።

በል ወንድም ጋሼ፣ ወገብህን ፈጣሪ ያጽናልህ፤ የምታነሳው ሁሉ ይቅለልህ፤ የምታስቀምጠውም በሰላም ይቀመጥልህ። በቀንም በማታም ክፉ አይንካህ። እንድትመጣ አልለምንህም፣ እንደምትመጣ ስለማውቅ።

ባቡሩ መስኮት ላይ ሆና የምታይህ፣
ታናሽ እህትህ